የሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን ሲላላ

ክቡራን አንባቢዎቻችን በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ ሥራና ስለ ቤት አያያዝ ማንበብን የለመዱ ስለ ሆኑ፥ ዛሬ ስለ ሞተር ሳይክል ፍሬን ልንጽፍ መነሣታችንን ሲያዩ ገጹ የተለወጠ እንዳይመስላቸው እንለምናለን። ሞተር ሳይክል ዛሬ የጐበዝ መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ አባት ወደ ሥራው የሚሄድበት፥ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚደርስበት፥ ሚስት ከባልዋ ኋላ ተቀምጣ ዘመድ የምትጠይቅበት የቤት ዕቃ ሆኖአል። የቤት ዕቃ ከሆነም ጉድለቱን ማወቅ የቤተ ሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ወደዚህ ነገር የመራን በቤታችን የሆነ አንድ ጉዳይ ነው። አንድ ቅዳሜ ጧት የእኅታችን ልጅ ከባለቤቱ ጋር በሞተሩ ተቀምጦ ወደ ቤታችን መጣ። እኅታችን በደጀን ስለምትኖር አሳባቸው ከእኛ ጋር ቁርስ በልተው እናቱን ለመጠየቅ ወደዚያ ለመሻገር ነበር። ከቁርስ በኋላ ልንሸኛቸው ወደ ደጃፍ ስንወጣ፥ ሞተሩን ከግንቡ ጥግ እናስነሣ ብለን የፊት ፍሬኑን መጨበጫ ያዝ ብናደርገው እንደ ሰፍነግ ሰምጦ የመሪውን እጀታ እስኪነካ ድረስ ገባ። ደንግጠን ቀና ብንል ልጁ ሣቀ።

«ጋሼ፥ አይሥጉ» አለን፤ «ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጨብጡት ይጠነክራል። እኔ ጠባዩን ለምጄዋለሁ።»

እንደ ቃሉም ደጋግመን ብንጨብጠው በሁለተኛው ከፍ አለ፥ በሦስተኛው ጠንከር አለ፤ ሆኖም ጥንካሬው የድንጋይ ሳይሆን የተነፋ ፊኛ ጥንካሬ ነበረ። ምን ብለን እንደምንመልስለት ስናስብ ባለቤቱ ቀደመችን።

«ሁለተኛውን የምንጨብጥበት ጊዜ ባናገኝስ?» አለች።

ከዚህ የተሻለ ነገር ከእኛ አይወጣም ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ሳይክል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ሰው አንድ ጊዜ ጨብጦ፥ ለቆ፥ እንደ ገና እስኪጨብጥ ግማሽ ሴኮንድ ቢፈጅበት ከስምንት ሜትር በላይ ያለ ፍሬን አለፈ ማለት ነው። ደግሞ መንገዳቸው የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ ያለው ቍልቍለት ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ሲሆን፥ ጭነት የያዙ የከባድ መኪናዎች ፍሬን እንኳ ሲግል የሚሸትበት ስፍራ መሆኑን በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ልጁ ቢያጕረመርምም የሞተሩን ቍልፍ ተቀብለን በኪሳችን አደረግን፤ እኅታችንም ድስቱን ከእሳት እንድታወርድ በስልክ ተነገራት።

አንዳንድ ሰዎች የፊት ፍሬን ሰው ይጥላል እያሉ በኋላው ብቻ መቆምን ይመርጣሉ። ይህ አሳብ ከልምድ ማነስ የመጣ ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የኋላው ጎማ ይቀላል፥ የፊተኛው መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ስለሆነም በደረቅ መንገድ ላይ ከማቆሙ ሥራ እጅግ የሚበዛውን የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የሚጥለው ባንድ ጊዜ በድንጋጤ ሲጨበጥ ወይም መንገዱ ጭቃና ጠጠር ሲሆን ነው።

አሁን ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንበል። የቀድሞው ፍሬን የሚጎተተው በሽቦ ነበረ፤ ዛሬም በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ እንደዚያው ነው። ሽቦው ሲረዝም መጨበጫው ይላላል፥ በማጥበቂያው ብሎን ሲጠበቅ ይድናል። በዘይት የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ብሌዝ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፥ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ባንድ ወገን ሲገፋ ግፊቱን በሁሉም ወገን ያደርሳል። ይህን ዕውቀት ይዘው በእንግሊዝ አቈጣጠር በ1921 ዱሰንበርግ የተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል በአራቱም ጎማ የዘይት ፍሬን አደረገ፤ በ1969 ደግሞ የጃፓኑ ሆንዳ ሲ.ቢ. 750 የሚባለውን ሞተር ሳይክል የፊት ዲስክና የዘይት ፍሬን አድርጎለት በብዛት ለገበያ አወጣ። ከመሪው አጠገብ ባለው ትንሽ ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ፒስተን የእጃችን መጨበጫ ይገፋዋል፤ ዘይቱ በቱቦው ወርዶ መካኒኮች ካሊፐር በሚሉት ዕቃ ውስጥ ያሉትን ፒስተኖች ይገፋል፤ እነርሱም የፍሬን ሸራዎቹን ከግራና ከቀኝ በዲስኩ ላይ ያጣብቃሉ።

ዘይት በግፊት አያንስም ማለት ይቻላል። አየር ግን ያንሳል፤ ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ነው። የላይኛው ፒስተን ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ባንድ ጭብጥ 10 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ፥ የሚገፋው ዘይት 1.3 ኩብ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሻይ ማንኪያ ሩብ ጥቂት የሚበልጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ በቱቦው ውስጥ ግማሽ ኩብ ሴንቲ ሜትር፥ ማለት ከጥቂት የሽንብራ ፍሬዎች የማይበልጥ አየር ቢኖር፥ ከጭብጣችን ከሦስት እጅ አንዱ የሚበልጠው ያችን አየር ለመጨፍለቅ ብቻ ይጠፋል፤ ወደ ዲስኩ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ልጁ ጉልበት የሚያንሰው መስሎት ጠንክሮ ይጨብጥ ነበረ። ጉልበቱስ አልጎደለም፤ የጎደለው መንገዱ ነው።

አየሩ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቀው፥ ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድ ጋራዥ የፍሬን ዘይት እንዳስለወጠ ነገረን። የጋራዡን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ሥራውን የያዘው ጐረምሳ ብቻውን ሆኖ፥ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ እያወራ ከታች ዘይቱን ሲያስወጣ፥ ከላይ ያለው ቋት መድረቁን ልብ አላለም። ቋቱ በደረቀ ጊዜ መጨበጫው የሚስበው ዘይት ሳይሆን አየር ነው። ከዚያ በኋላ ቋቱን ሞልቶ ክዳኑን ቢገጥምም፥ የገባው አየር ከዘይቱ በታች ታስሮ ቀረ። ልጁም በየሳምንቱ ክዳኑን እየከፈተ ዘይት መሙላቱን ሲመለከት ደኅና ነው እያለ ይኖር ነበረ።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሌላ ምክንያት እንዳይኖር መረመርን፤ ይህን ሳያደርጉ መፍቻ ማንሣት ድካምን ማብዛት ነው። መጨበጫው ሲደጋገም ከፍ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አየር ነው፤ ወይም ዲስኩ ተጣሞ ሸራዎቹን ወደ ኋላ እየገፋቸው ነው። መጨበጫውን አጥብቀው ይዘው ሳሉ ቀስ በቀስ እየሰመጠ የሚሄድ ከሆነ፥ በውጭ የሚፈስ ዘይት ከሌለ በላይኛው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ላስቲክ አልቋል፤ አየር ማስወጣት አይረዳውም፥ ላስቲኩ መለወጥ አለበት። ቢደጋገምም ባይደጋገምም ልልነቱ ያው ከሆነ ግን ቱቦውን ይመርምሩ፤ ያረጀ የላስቲክ ቱቦ ሌላ ሰው ሲጨብጥ በእጅ ቢያዝ ሲያብጥ ይታወቃል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ዝገው ሸራው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ሲያልቅም መጨበጫው እንዲሁ ይልፈሰፈሳል። የእኛው ሞተር ቱቦው ደኅና፥ ሸራው ገና ወፍራም፥ ከየትም የሚንጠባጠብ ዘይት የሌለው ሆኖ ስለ ተገኘ በአየሩ ላይ ፈረድን።

ለሥራው ያስፈለገን ጥቂት ነው፤ 8 ቍጥር መፍቻ፥ አንድ ክንድ የሚሆን ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፥ ባዶ ጠርሙስ፥ ብዙ ጨርቅ፥ ያልተከፈተ አንድ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት። የዘይቱ ዓይነት በቋቱ ክዳን ላይ ተጽፎአል፤ የእኛው ዶት 4 ይላል። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ማናቸውም ዘይት በዚያ ቢጨመር በውስጥ ያሉትን ላስቲኮች አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ዶት 5 የሚባለው ደግሞ ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ነገር ነውና በቍጥሩ መቀራረብ ተታሎ መቀላቀል አይገባም። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ስለዚህ የቤንዚኑን ጋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንነው፥ አንድ ባልዲ ውኃም በአጠገባችን አኖርን። እመቤቶች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ሌላ ነገር አለ። ይህ ዘይት መርዝ ስለሆነ ትራፊውን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አድርጎ ልጆች በሚደርሱበት ማኖር ከቶ አይገባም።

ቋቱ ቀጥ እስኪል መሪውን አዙረን ክዳኑን ከፈትን። ልጁ ከመጨበጫው ዘንድ ቆመ፤ እኛ ከካሊፐሩ አጠገብ ተንበረከክን፤ ባለቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቋቱን እንድትጠብቅ ተሾመች። ከካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ቱቦውን ሰክተን፥ ጫፉን ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አጠለቅነው። ከዚያ ወዲያ ሥራው እንደ ዘፈን ተቀባይ ነው። እኛ «ጨብጥ» እንላለን፥ እርሱ ጨብጦ «ያዝሁ» ይላል፤ ብሎኑን ሩብ ዙር እንከፍታለን፥ ዘይቱ ከአረፋ ጋር በቱቦው ይወጣል፤ ብሎኑን እንዘጋለን፤ ቀጥሎ «ልቀቅ» እንላለን። ሳይዘጋ የለቀቀ እንደሆነ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ባለቤቱ በየአራቱና በየአምስቱ «ቁሙ፥ ዘይቱ ዝቅ ብሎአል» እያለች አዲስ ዘይት ትጨምራለች። ያ የጋራዥ ጐረምሳ ያጣው እንደዚህች ያለች ጠባቂ ነበረ።

መጀመሪያ እንደ ጠላ አረፋ ብዙ ወጣ። ቀጥሎ አልፎ አልፎ ሆነ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በቱቦው የሚወርደው ዘይት እንደ ጠራ ጠጅ አንድም ነጥብ የሌለበት ሆነ። ሁላችንም ደስ ብሎን ልጁ ጨበጠ፤ መጨበጫው ከፊቱ ቢሻልም አሁንም ሰመጠ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ይቈርጣል፥ ወይም ይህ ሞተር ጠባዩ ነው ብሎ ይነዳል። እኛም መካኒክ አይደለንምና ግራ ገባን። ብርሌ አጋድሞ የሚያውቅ ሰው ግን ምክንያቱን ያገኘዋል፤ አረፋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሸሻል። እኛ ከታች በብሎኑ ልናስወጣው እንጎትታለን፥ እርሱ ደግሞ በቱቦው ውስጥ በጥቂቱ ይወርድና እጃችን በላላ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። የመጨረሻው አየር የሚሸሸግበት ስፍራ ከሁሉ ከፍ ያለው፥ ማለት ቱቦው ከላይኛው ሲሊንደር ጋር የሚገናኝበት ከመጨበጫው አጠገብ ያለው ጕብጥ ነው። እዚያ የተቀመጠውን በታች በር ለማስወጣት መታገል የእኛው ስሕተት ነበረ፤ የላይኛው በር ቅርብ ነው። ከቋቱ ወለል ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ መጨበጫው ፈጽሞ ሲለቀቅ ሲሊንደሩና ቋቱ የሚገናኙት በርስዋ ነው።

ስለዚህ ብሎኑን ዘግተን፥ የመፍቻውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለን ቱቦውን ከታች ወደ ላይ ቀስ እያልን መታ መታ አደረግነው፤ ልጁም መጨበጫውን እስከ መጨረሻው ሳይሆን ጥቂት ብቻ፥ ስንዝር ሳይሆን ጣት በሚያህል እንቅስቃሴ ደጋግሞ ሳብ ለቀቅ አደረገው። ባለቤቱ «ወጣ! አሁንም ወጣ!» እያለች ከቀዳዳዋ ብቅ የሚሉትን ጥቃቅን አረፋዎች ትቈጥር ጀመረች። እስከ ማታ ድረስ መጨበጫው በግማሽ ተሻለ። በግማሽ የተሻለ ፍሬን ግን ወደ ዓባይ አይወርድም፤ እንግዶቻችንም እኛ ዘንድ አደሩ።

በመካኒኮች ዘንድ የቆየ አንድ ዘዴ አለ፤ መጨበጫውን ጨብጦ ከመሪው ጋር አስሮ ማሳደር። ክዳኑን ገጥመን ማሰሪያ ስንፈልግ፥ የልጁ ባለቤት ምንም ሳትናገር መቀነትዋን ፈትታ ሰጠችን፤ በርሱም አጥብቀን አሰርነው። አንዳንዶች አየሩ በሌሊት ወደ ቋቱ ይወጣል ይላሉ፤ ይህ ትክክል አይመስለንም፤ መጨበጫው ተይዞ ሳለ ያች ቀዳዳ ተዘግታለችና። የሚሆነው ይህ ነው፤ ግፊቱ አረፋዎቹን ያሳንሳቸዋል፥ ከቱቦው ግድግዳ ይላቀቃሉ፥ ቀስ ብለውም ወደ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጧት ሲፈታ የተሰበሰበው በቀዳዳዋ ይወጣል። ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የሚያፈስ ስፍራ ቢኖር ከበታች ባነጠፍነው ካርቶን ላይ ጠብታው ይታያል።

እሑድ ማለዳ ካርቶኑ ደረቅ ነበረ። ዘይቱ ወደ ዓይን እንዳይፈነጥቅ ክዳኑን ሳንከፍት መቀነቱን ቀስ ብለን ፈታን፤ ቀጥሎ ክዳኑን አንሥተን ልጁ ጥቂት ጥቂት ሳብ ቢያደርግ፥ ሦስት የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ አረፋዎች ተከታትለው ወጡ፥ ከዚያ ወዲያ ምንም። አንድ ጊዜ ደግሞ ከታች አስወጥተን፥ ቋቱን እስከ ምልክቱ ሞልተን ከደንን። መጨበጫው መንገዱን ሲሶ ያህል ሄዶ ግንብ እንደ ነካ ቀጥ አለ። ልጁ ሁለት ጊዜ፥ ሦስት ጊዜ ደገመው፤ አልተለወጠም። ፊቱን አየነው፤ ስለ ልማዱ ሲናገር የነበረው ሣቅ አልነበረበትም። «ለካ እንዲህ ነበር የሚይዘው» አለ።

ካሊፐሩንና ዲስኩን በውኃ አጥበን አደረቅነው፤ በሸራው ላይ የቀረ ዘይት ፍሬኑን ከንቱ ያደርገዋልና። ልጁ አስቀድሞ በግቢው ውስጥ በእግር እርምጃ ፍጥነት፥ ቀጥሎ ብቻውን በሠፈሩ መንገድ ፈተነው።

ስለ ቍልቍለቱ ከመሄዳቸው በፊት የነገርናቸውን ለአንባቢም እንንገር። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቈያል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባበት ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። በረዥም ቍልቍለት ፍሬን ሲግል እንዲህ ያረጀው ዘይት ይፈላል፥ እንፋሎቱም እንደ አየር ሆኖ ጧት ጠንካራ የነበረውን መጨበጫ በመንገድ መካከል ያሰምጠዋል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፥ ተከፍቶ የቈየ ቆርቆሮም አለመጠቀም የሚገባው ስለዚህ ነው። ወራጁም ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ይተው፤ ፍሬኑን ሳያቋርጥ እየጎተተ አይውረድ፤ ከጠመዝማዛው በፊት ጨብጦ ይልቀቅ፥ እንዲቀዘቅዝም ጊዜ ይስጠው።

በአራት ሰዓት ሁለቱም የራስ ቍራቸውን አድርገው ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ የተናገረችው እኅታችን ነበረች። ልጆቹ በደኅና ደርሰው ምሳ እየበሉ መሆናቸውን ከነገረችን በኋላ፥ ምራትዋ ያለ መቀነት መንገድ የወጣችበትን ምክንያት ጠየቀችን። ነገሩን ብናስረዳት ሣቀች። መቀነቱ ዘይት ስለ ነካው አጥበነው ይህን በምንጽፍበት ጊዜ በአጥራችን ላይ ተሰጥቶ ይታያል፤ ሲመለሱ ይወስዱታል።